እንከን የለሹ ኡዳሎይ

ታላቅ ሰው አያት አጥቶ እንዳይቸገር የመጠበቅ ኃላፊነት የመዝገብ ቤት ነው። ይህን ክቡር ኃላፊነት በወረዳችን የተሸከመው ቬኒያሚን ሉኪች ነበር። የሸሎንስኪ ልዑላን የርስት ወረቀቶች ድሮ ይጨፍሩበት በነበረው አዳራሽ ተከማችተዋል፤ ጣሪያው ያፈሳል፤ በረዶ መቅለጥ ሲጀምር ቬኒያሚን ታሪካችንን ቅጠል በቅጠል እየገለጠ ማሞቂያው ላይ ያደርቃል። ሚስት አላገባም፤ ለመዝገቡ ግን እንደ አባት ነው።

አንድ ቀን የወረዳው አስተዳዳሪ ክቡር ጌርማን ዛካሮቪች ኡዳሎቭ መጡና አዳራሹ የእንግዶች የእንፋሎት መታጠቢያ እንዲሆን፣ ወረቀቱም ወደ ድንች ጓዳ እንዲወርድ አቅጣጫ አስቀመጡ። ድንች ጓዳ የገባ ወረቀት አንድ ክረምት አይሻገርም። ቬኒያሚን ፊቱ አመድ መሰለ።

«እርግጥ» አሉ ክቡርነታቸው፣ «ወረቀቱ ውስጥ እኔ ካለሁ ሌላ ጉዳይ ነው። የጎረቤት ወረዳው አለቃ ባለፈው ወር መስፍን ሆኖ ተገኘ። አባቱን አውቀዋለሁ፣ ትራክተር ነጂ ነበር! እኔ ምን አንሶኝ?»

«አያት ብቻ ነው ያነሰዎት፣ ጌርማን ዛካሮቪች።»

«ታዲያ ፈልግልኛ! ምን ቁጭ ብለህ ታየኛለህ?»

ፈለገ። የፊት ገጹን አይጥ በበላው አንድ ጥራዝ ውስጥም አገኘ፦ «ኡዳሎይ። ናባት ከሚባል የተወለደ፣ የልዑል ሸሎንስኪ። በደሙ ቅይጥ የሌለበት፤ ደረቱ ጥልቅ፣ እግሩ ቀጭን፤ ተኩላ አይቶ የማያፈገፍግ። ስምንት ልጆች በአንድ ጊዜ ወለደ።» ቬኒያሚን በደስታ ቀጣዩን ገጽ ሳይገልጥ ሮጠ።

ክቡርነታቸው ደረታቸውን ዳሰሱ። «ደረቱ ልክ ነው። እግሬም በወጣትነቴ ቀጭን ነበር። ግን ስምንት በአንድ ጊዜ?»

«የጥንት ሰው ብርቱ ነበር።»

«አየህ! የዛሬው ትውልድ በአንዱም ያማርራል።»

በመሆኑም የጣሪያው ጥገና ጸደቀ፤ ለኡዳሎይ መታሰቢያም እምነ በረድ ታዘዘ። በስብሰባው ላይ ክቡርነታቸው «ዘር ከልጓም ይስባል!» ብለው ሲናገሩ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። የግብር ክፍሉ ኃላፊ፣ አለቃቸው አጥንት ሲግጡ አንዳች ልዑላዊ ነገር ሁልጊዜ ይታያቸው እንደነበር መሰከሩ። መስካሪው አልተሳሳቱም።

ከስብሰባው ማግስት ቬኒያሚን እርስ በርሱ የተጣበቀውን ቀጣይ ገጽ አላቀቀ። «ከኡዳሎይ ጆሮ መዥገር ተነቀለ» ይላል። ደግሞ አነበበው። መዥገሩ መዥገር ነው። ክቡር አያት የልዑሉ አዳኝ ውሻ ኖረዋል!

ዝም ይበል? ሌላ ሰው ካገኘው በኋላ ጣሪያውም እሱም አይቀሩም። ጥራዙን ይዞ ሄዶ ተናዘዘ።

«ቀስ ብለህ ንገረኝ» አሉ አስተዳዳሪው። «አያቴ ውሻ ነው እያልከኝ ነው?»

«ኧረ በጭራሽ! አያትዎ ሰው ናቸው። ፊልካ ይባላሉ፣ መዥገሩን የነቀሉት የኡዳሎይ ጠባቂ። ያኔ ጭሰኛ የቤተሰብ ስም የለውም፤ ‹የማን ነህ?› ሲሏቸው ‹የኡዳሎይ› ይሉ ነበር። ኡዳሎቭ ማለትም ይኸው ነው።»

አስተዳዳሪው ገጹን አዩ። «ሥጋ ይበላ ነበር የተባለው ማን ነው?»

«ውሻው።»

«ሲሞት ልዑሉ አለቀሱ የሚለውስ?»

«ለውሻው ነው።»

«ፊልካስ?»

«ተገረፉ። ውሻውን ብርድ አስመትተዋል ተብለው።»

ቬኒያሚን እዚህ ላይ፣ ያ ምስኪን አንድ ጊዜ እንኳ በገዛ ስሙ ቢጠራ ምን አለበት ብሎ አሰበ፤ እምነ በረዱ ገና አልተቀረጸም። የልጅ ልጅ ደግሞ ይኸው ፊቱ ተቀምጧል፤ ደም አይደለም እንዴ?

ክቡርነታቸው ደረታቸውን እንደገና ዳሰሱ።

«እንግዲህ ውሻው ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «መዥገሩን ቅደደው። ፊልካንም አብረህ። ጣሪያ ሠሪዎቹን ነገ ልልክ እችላለሁ፣ ላልልክም እችላለሁ። ለመሆኑ ቬኒያሚን ሉኪች፣ አንተ የማን ነህ?»

ቬኒያሚን ሉኪች ገጹን ከጥራዙ ገነጠለ።

«የእርስዎ» አለ።