የአቶ ሽፈራው ተማሪ

በዚህ አገር አንድ የማያጠና ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። ፈተና እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ እሱ ግን አያጠናም። ዓይኑ ቀልቶ ከመጣ እንቅልፍ አጥቶ ነው። ብቻውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከሄደ ጸሎት እያደረሰ ነው። መጽሐፍ በእጁ ቢገኝ የጓደኛው ነው፤ ሊመልስለት እየሄደ ነው። የወደቀ ጊዜ ስላላጠና ነው፤ ያለፈ ጊዜ ደግሞ ሳያጠና ነው ያለፈው።

እኔ የማውቀው የማያጠና ሰው ክቡር አቶ ሽፈራው ናቸው። ከደብረ ብርሃን ተመድበው የመጡ፣ ከከተማችን የግንብ በሮች አንዱ ከሆነው ከኤረር በር ገባ ብሎ ከግቢዬ ጎን ተከራይተው የሚኖሩ የቡድን መሪ ናቸው። ሲመጡ ፀጉራቸው ሙሉ ነበር። አሁን መሥሪያ ቤታቸው ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው የቡድን መሪ ወንበሩን ይለቃል ብሏል። ለሁለተኛ ዲግሪ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው፤ የፈተናው እንግሊዝኛ ደግሞ አንድ ጊዜ ጥሏቸዋል። ይባስ ብሎ በሥራቸው ያለችው ወጣት ባለሙያ፣ ነፃነት፣ በመጀመሪያው ሙከራ አልፋለች። ወንበሩ ከተለቀቀ የምትቀመጥበት እሷ ናት። አቶ ሽፈራው መውደቃቸውን አልነገሯትም። መፈተናቸውንም አልነገሯትም።

«እኔ እኮ እንዲሁ ለማየት ያህል ነው» ይላሉ የፈተናው መጽሐፍ ሲገኝባቸው።

መደበቂያ ያልፈለጉበት ቦታ የለም። መጽሐፉን በግብር አዋጅ ሽፋን ጠቀለሉት፤ ነጋዴ ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ የግብር አቤቱታ ያሰማቸው ጀመር። ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ፣ ወደ ሐኪም ጋራ ወጥተው ዛፍ ሥር ቢቀመጡ ገበሬዎች መሬት ሊለካ ነው ብለው ከበቧቸው። ቤታቸው ውስጥ ድምፅ አውጥተው ቢያነቡ የዘጠነኛ ክፍል ልጃቸው ሳቀች። ከዚያ በኋላ ነው በሬን ያንኳኩት።

«አባባ ዓሊዪ፣ እርስዎ ዘንድ ጸጥ ይላል።»

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። በኤረር በር ሽንኩርትና ድንች ስሸጥ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፊደል የለየሁት ጢሜ መሸበት ከጀመረ በኋላ፣ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ነው። የእንግሊዝኛውንም ፊደል ከካርቶን ላይ ለቅሜዋለሁ። ንባቤ ሩቅ አይሄድም። ቢሆንም አስተማሪ አልነበረኝም፤ ይህን ለሰው ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል።

አቶ ሽፈራው መደቡ ላይ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። ሲያነቡ ዳገት ላይ የተጫነ አህያ የሚነዱ ይመስላሉ፤ ይገፋሉ፣ ይቆማሉ፣ እንደገና ይገፋሉ። ግቢውን የምትጋራኝ ፋጡማ ድምፁን ሰምታ ኖሮ ሲወጡ በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«አቶ ሽፈራው፣ ምንድን ነው እሱ ሁሉ እንግሊዝኛ?»

ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ሳያሹ መለሱ። «አባባ ዓሊዪን እያስተማርኳቸው ነው።»

እኔ ከኋላቸው ቆሜያለሁ። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። እንግዳዬን በደጄ ላይ ውሸታም ማለት አልቻልኩም፤ እሳቸውም ዞር ብለው ሊያዩኝ አልቻሉም።

ወሬው መግሪብ ሳይሰገድ ኤረር በር ደረሰ። ያለፍኩበት ሁሉ «ማሻአላህ፣ ትምህርት እንዴት ይዞዎታል?» ይለኛል። የባጃጅ ሾፌሮች በእንግሊዝኛ ሰላምታ ያቀርቡልኛል። ፋጡማ ለአእምሮ ይጠቅማል ብላ ቴምር በሳህን ትልካለች። ዕድሜ ልኬን አብሮኝ የነገደው ሙባረክ፣ ከመስጊድ ስንወጣ ሰው እስኪሰበሰብ ጠብቆ፣ «ዓሊዪ፣ መቃብር ውስጥ የሚጠይቁን መላእክት በእንግሊዝኛ ነው እንዴ የሚፈትኑት?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ጫማዬን ፈልጌ እስካገኝ ድረስ ሳቁ አላለቀም።

ቤት ደርሼ አቶ ሽፈራውን ላሰናብታቸው ቆርጬ ነበር። እሳቸውን ግን በሩ ላይ ለፋጡማ ስለ ተማሪያቸው እያስረዱ አገኘኋቸው።

«ቃላት ይይዛሉ» ይላሉ፤ «ረጅም ምንባብ ሲያዩ ግን ልባቸው ይመታል። ያወቁትንም ይረሱታል። በዚህ ዕድሜ ሰው የሚስቅባቸው ይመስላቸዋል።»

«ምስኪን» አለች ፋጡማ። «ወላሂ ይከብዳል።»

«በጣም ይከብዳል» አሉ አቶ ሽፈራው፣ ቀስ ብለው።

እኔ ረጅም ምንባብ አይቼ አላውቅም፤ የሚመታው ልብ የእኔ አልነበረም። ያዘጋጀሁትን ንግግር ዋጥኩትና «ይግቡ» አልኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የአስርን ሶላት ሰግጄ እጠብቃቸዋለሁ። እሳቸው ምንባቡን ሲሠሩ እኔ ሰዓት እይዛለሁ፤ ከመጽሐፉ ጀርባም መልሱን አያለሁ። የመልሱን ፊደል፣ «ኤ»ን ከ«ቢ»፣ «ሲ»ን ከ«ዲ» ለመለየት የካርቶን ትምህርቴ በቂ ነው። ሲሳሳቱ «ተሳስተዋል» አልልም፤ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። አንዳንድ ቀን ጉሮሮዬ እስኪቆስል ጠርጌያለሁ።

የፈተናው ቀን ለመሥሪያ ቤታቸው «ሶፊ ወረዳ ለመስክ ሥራ ወጣሁ» ብለው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ቀጥታ ወደ ግቢዬ መጡ። ከረባታቸውን ኪሳቸው ከተውታል። ግቢው ውስጥ ማን እንዳለ አላዩም።

«አልቻልኩም፣ አባባ» አሉኝ። «ውጤቱን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ አየሁት፤ ሁለተኛ ጊዜ ወደቅኩ። ለጥቂት።»

ግቢው ውስጥ ፋጡማ ልብስ እያሰጣች ነበር። አጠገቧ ደግሞ ነፃነት ፋይል ታቅፋ ቆማለች፤ ስልካቸው ዝግ ሆኖባት አስቸኳይ ፊርማ ፍለጋ ቤታቸው ብትሄድ ባለቤታቸው ወደ እኔ ልከዋት ነው። ሁለቱም ዞር አሉ።

«ምንድን ነው የወደቁት?» አለች ፋጡማ።

አቶ ሽፈራው ነፃነትን አዩ። አፋቸውን ከፈቱ፤ ያ ሁልጊዜ የማይጠፋው ሰበብ ያን ቀን ጠፋ። እኚህን ትልቅ ሰው እንደዚያ ሆነው ማየት አልቻልኩም።

«የወደቅኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሳቸው ፈተና ያወጡልኛል፣ እኔ እወድቃለሁ። ሁለተኛ ጊዜዬ ነው። ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ የእኔን መውደቅ እንደ ራሳቸው ይቆጥሩታል።»

ከሰባ ዓመት በላይ የጠበቅኩት ክብሬ በልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተሰጣ መሰለኝ። ፋጡማ «አባባ ዓሊዪ፣ አይዘኑ፣ እርጅና ነው፤ አልሐምዱሊላህ ጤናው አለ» አለችኝ። በማጽናናት ልትገድለኝ ደረሰች። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ነፃነት አለቃዋን አየች፤ ከኪሳቸው የተንጠለጠለውን ከረባት አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አባባ፣ የከበደዎት ምንባቡ ነው?»

«ምንባቡ ነው፣ ልጄ።»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነበር። ከፈቀዱልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቼ ላስጠናዎት። ጋሽ ሽፈራውም ሥራ ይበዛባቸዋል።»

«እኔማ መጥቼ አበረታታቸዋለሁ» አሉ አቶ ሽፈራው፣ ድምፃቸው ገና ሳይመለስ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እንማራለን። እኔ መደቡ ላይ በተማሪው ቦታ እቀመጣለሁ፤ አበረታቹ አጠገቤ ናቸው። ነፃነት ስታስረዳ ፊቷ ወደ እኔ ነው፤ መጽሐፉን ግን ወደ እሳቸው አዙራ ታስቀምጠዋለች። ስትጠይቀኝ አቶ ሽፈራው መልሱን በትንሹ ያጉረመርማሉ፤ እኔ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በጣም ከባድ የተባለውን ምንባብ ጥያቄ በሙሉ መለስኩ።

«ጎበዝ፣ አባባ» አለች። «እኔ እንኳ በጊዜው ይህን ያህል አልመለስኩም።»

ባልሠራሁት መመስገን ፊቴን አቃጠለው፤ አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል አቶ ሽፈራው ወደ በሩ ዞረዋል። ፈገግታቸውን እንዳናይባቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል፤ ጆሯቸው ግን ከደስታ ብዛት ቀልቷል።

«ነፃነት» አልኩ፣ «ሌላ ምንባብ ስጪኝ። ረጅሙን።»