የአማቴ ወፍጮ በቾቄ ሰማይ ላይ

እኛ አገር ሰው ሲሞት ሬሳው ላይ ኮረጆ አስረው «እግረ መንገድህን ይቺን ለእናቴ አድርስልኝ» የማይሉት፣ የወዲያኛው ዓለም መናኸሪያ የት እንደሆነ ስለማያውቁ ብቻ ነው። ቢያውቁማ... እመኑኝ፣ ፍትሐቱ ሳያልቅ በርበሬውና ድርቆሹ ተጭኖ ያልቅ ነበር! ጎጃም ውስጥ መንገደኛ የሚባል ፍጡር በራሱ ጉዳይ ሄዶ አያውቅም። የሰው እቃ የሚሄድበት ቦታ አለ፤ እሱ አብሮ ይሄዳል።

«በአየርስ?» የሚል ብልጥ አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።

የሚስቴ ወንድም ይሁኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ የወፍጮ ቤት መካኒክ ነው። ሌላው ሰው ሲሰለቸው ጠላ ቤት ይሄዳል፤ ይሁኔ ሲሰለቸው ጓሮው ገብቶ አውሮፕላን ይሠራል። ስድስት ዓመት ሙሉ ሠራ። አጥንቷ የመስኮት አልሙኒየም፣ ክንፏ ሸራ፣ ሞተሯ ተገልብጣ ከቀረች ትንሽ መኪና የተፈታ። ሁለት መቀመጫ አላት፤ አንዱ የነጂው ነው፣ ሁለተኛው የሞኙ። በር የላትም፤ «በር ክብደት ነው» ይላል ይሁኔ። ጣሪያ የላትም፤ ጣሪያም ክብደት ነው።

«እኔስ?» አልኩት።

«አንተም ክብደት ነህ፣ ጋሼ። ግን ምስክር ያስፈልገኛል። ትጽፋለህ።»

እቅዱ ቀላል ነበር። ከማርቆስ ተነስተን ቾቄን እንሻገራለን፣ ሞጣ አርፈን እናድራለን፣ ከዚያ ዓባይን ዘለን ወደ ሰሜን... አሁንም ወደ ሰሜን... ከዋልያና ከጭላዳ በቀር ነዋሪ እስከሌለበት ገደላ ገደል ድረስ። ሦስት ቀን ሰው በሌለበት አገር ላይ መብረር! «ብንወድቅስ?» ብዬ ጠየቅሁ። «ማንም አያይም» አለኝ። እያጽናናኝ ነበር።

እኔ እንኳ እምቢ ልል ነበር። ሚስቴ ግን «አንድ ወንድሜን ብቻውን ትልከዋለህ?» አለች። አንድ ባሏንስ? አልጠየቅሁም። ትዳር የሚዘልቀው ባልተጠየቁ ጥያቄዎች ነው።

ፈቃድ አልነበራችሁም እንዳትሉ! ይሁኔ ያላንኳኳው በር የለም። አንዱ ቢሮ «እኛ የምናውቀው መሬት ላይ ያለውን ነው» አለው። ሌላው «ክንፍ ያለው ነገር ከሆነ ዶሮ እርባታ ይመለከተዋል» ብሎ ላከው። በመጨረሻ አንድ ደግ ኃላፊ ማመልከቻውን ትክ ብለው አንብበው «ከባጃጅ ጋር ተዛምዶ ይታይ» ብለው መሩለት። ይኸው ተዛምዶ እየታየ ነው።

ይሁኔ በሁሉም ነገር ቀልደኛ ነው፤ በክብደት ግን ቀልድ አያውቅም። እኔን ራሴን ወፍጮ ቤት ወስዶ ጤፍ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ አቆመኝና ኪሎዬን በጠመኔ አውሮፕላኗ ጎን ላይ ጻፈው። ከሚስቴ ሃያ ሦስት ዓመት የደበቅሁትን ቁጥር ከተማው ሁሉ አነበበው።

አሁን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ አማቴ ልውሰዳችሁ።

አማቴ እማማ የሻረግ አንዲት ታናሽ እህት አለቻቸው፤ እናትነሽ ትባላለች፣ ሞጣ ነው የምትኖረው። እናታቸው ሲያርፉ ከብቱን ተካፈሉ፣ ልብሱን ተካፈሉ፣ አልተጣሉም። በመጨረሻ የእናታቸው የእጅ ወፍጮ ቀረ። ሁለቱም «እኔ ነኝ የምወስደው» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹም፣ ጥበብ አያልቅባቸውምና፣ ወፍጮውን ለትልቋ፣ ከላይ የሚፈጭበትን መጅ ለትንሿ ፈረዱ። ይኸው ዐሥራ አራት ዓመት አንዷ ያለ መጅ፣ አንዷ ያለ ወፍጮ፣ ሁለቱም ያለ እህት! እህሉንማ ሁለቱም በመብራት ነው የሚያስፈጩት። አማቴማ የወፍጮ መካኒክ ወልደዋል።

ከበረራው አንድ ቀን በፊት አማቴ አስጠሩኝ። ወፍጮውን ከማድ ቤት አውጥተው፣ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጠውታል። በመዳፋቸው ይዳብሱት ነበር።

«ልጄ፣ ይሄን ለእናትነሽ ታደርስልኛለህ።»

«እማማ፣ ይሄ እኮ... ድንጋይ ነው።»

«ድንጋይ መሆኑን አጥቼው ነው? ሳንታረቅ አንዳችን ብንሞትስ? ደግሞ ለይሁኔ እንዳትነግረው፤ ክብደት ክብደት እያለ ያስቀርብኛል። አደራ!»

ያቺን ቃል ተናገሯት። ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ ይላል የአገሬ ሰው። ይህን የተረተው ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን አልሞከራቸውም። ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ዓይናቸውን ሳይ ግን ተውኩት። አሮጊቷ እየለመኑኝ ነበር። ለምነው የማያውቁ ሴት ናቸው።

በማግስቱ፣ በኅዳር ውርጭ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ገበያ መሰለ። ሰው ሊሰናበተን የወጣ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ! ኩርማን ቅቤ፣ አንድ ቁና ሽሮ፣ ክንፉ የታሰረ አውራ ዶሮ... «ሞጣ አይደል የምታርፉት?» ይሁኔ ሁሉንም መለሰ። መምሬ አስናቀ፣ የነፍስ አባታችን፣ አውሮፕላኗን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ጠበል ረጩና ከካባቸው ስር አንድ ገንቦ ማር ብቅ አደረጉ፤ ለቀድሞ ተማሪያቸው ነው። «አባ፣ ክብደት ነው» አለ ይሁኔ። «ይሁን፣ ልጄ» አሉ መምሬ፤ የነፍስ አባት ብቻ በሚችለው ድምፅ።

እኔ ታዲያ ይሁኔ አንገቱን ደፍቶ ሲባረክ፣ በባጃጅ ያመጣሁትን ወፍጮ በጋቢ ጠቅልዬ ከመቀመጫዬ ስር ሸጎጥኩት። ወገቤ እስከዛሬ ይመሰክራል።

ተነሳን። ማለቴ... ሜዳው አለቀ፣ የጎረቤት የጤፍ ማሳ ተጀመረ፣ ያኔ ተነሳን።

«ጋሼ!» ብሎ ጮኸ ይሁኔ፤ ሞተሩ አያስደማምጥም። «ከመዘንኩህ ወዲህ ምን በላህ?»

«ሽምብራ!»

«ስንት ኩንታል?»

ፍርሃቴን አልደብቃችሁም፤ መቀመጫዬን በሁለት እጄ ጨብጬ ነበር። ከታች አገሩ ያምራል፤ የታጨደው ማሳ፣ የሳር ክዳኑ፣ ገደሉ። ይህን ሁሉ ያየሁት በአንድ ዓይኔ ነው። ሌላኛውን ጨፍኜ አቡነ ዘበሰማያት እየደገምኩ ነበር።

ቾቄን ከማርቆስ ሆናችሁ ስታዩት የተኛ ተራራ ነው። ቀርባችሁ ስትመጡ ግን ይነሳል! ሞተሩ ይጮኻል፣ ይጮኻል፣ አውሮፕላኗ ግን ከፍ አትልም። የጅባራውን ቅጠል መቁጠር እስክችል ደረስን።

«ጋሼ፣ ትንሽ ካልጨመርን ከተራራው ጋር ልንዛመድ ነው! እውነቱን ተናገር፣ ምን ጭነሃል?»

«ምንም!»

«ለእግዜር ብለህ! እኔም እናገራለሁ... የመምሬን ማር ይዣለሁ!»

«እምቢ ብለሃቸው የለም እንዴ?»

«በኋላ ተመልሼ ተቀበልኳቸው! ልበር ተነስቼ የነፍስ አባቴን ላስቀይም? አንተስ?»

«ትንሽ ነገር...»

«ምን?»

«ወፍጮ!»

«የምን ወፍጮ?»

«የእጅ!»

ዞሮ አየኝ። እየነዱ እንዲያ መዞር ክልክል ይመስለኛል። «ከነመጁ?» አለኝ።

«መጁማ ሞጣ ነው!»

ይሁኔ ፊቱን መለሰ። ልጅ ሆኖ ያደገው በዚያች አክስቱ ጀርባ ላይ ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመት እናቱን ፈርቶ ደጇን አልረገጠም። ከፊቴ ያለው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ብርዱ ነው አልኩ ለራሴ።

«ጣል!» አለ። «የምትችለውን ሁሉ ጣል!»

ከታች ከጓሳ ሳር በቀር ምንም የለም። መፍቻው ሄደ። ድንኳኑ ሄደ። የሦስት ቀን ስንቃችን ሄደ፤ ሚስቴ በእጇ የቋጠረችው በሶ ሳይቀር። ማሩ ሄደ፤ መምሬ ይፍቱን! ካፖርቴ ሄደ፣ ጫማዬ ሄደ። ተራራው አሁንም ከፊታችን ነው።

ሁለት ነገር ቀረ። ድንጋዩና የመጠባበቂያ ቤንዚኑ ጀሪካን።

እስቲ እናንተ ፍረዱ! ጤነኛ ሰው የቱን ይጥላል? ድንጋዩን አቀፍኩት። ልወረውረው ነበር፤ ሕይወት ትጣፍጣለች፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ግን እነዚያ ድንጋዩን ይዳብሱ የነበሩ እጆች ትዝ አሉኝ። ማርቆስ ተመልሼ «እማማ፣ ወረወርኩት» ልላቸው ነው? እሱስ ይቅር፣ ይሁኔ ራሱ «ጣለው» ካለኝ ምን እላለሁ?

«ይሁኔ! የቱን?»

ተራራው መጣ... መጣ...

«ቤንዚኑን!» አለ።

በበረራ ታሪክ ሞተሩ የሚጠጣውን ደፍተው ድንጋይ ያተረፉ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እኛ ሳንሆን አንቀርም። ጀሪካኑ ወረደ፣ አውሮፕላኗ እፎይ አለች፣ የቾቄን ጫፍ ጎማችን ሳር እየነካ ተሻገርነው። ሁለታችንም እየጮህን ነበር። ደስታ ይሁን ድንጋጤ አልለየሁትም።

ደስታው ቤንዚኑ እስኪያልቅ ቆየ። ሩቅ አልነበረም። ሞተሩን አንዴ አነቀው፣ ሁለቴ አነቀው፣ ከዚያ የምድር ጸጥታ ሆነ። ይሁኔ አንድ የታጨደ የገብስ ማሳ ላይ አሳረፈን። «አሳረፈን» ያልኩት ዘመዴ ስለሆነ ነው።

አንድ ጎልማሳ ገበሬ ከአውድማው ተነስቶ ረጋ ብሎ መጣ። እኔ በካልሲ ቆሜያለሁ፣ አጠገቤ ክንፏ የተጣመመ አውሮፕላን አለች። ሰውዬው እኛን፣ ቤተሰባችንን፣ ከብቶቻችንን፣ የዘንድሮውን ዝናብ ሁሉ በየተራ ጠይቆ ሲያበቃ፣

«ከየት ነው?» አለ።

«ከማርቆስ።»

«ከማርቆስ! እሰይ! እህቴ እዚያ ናት። ስትመለሱ ትንሽ ገብስ...»

ይሁኔ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ሰውዬው ስለ አውሮፕላኗ አንድም ነገር አልጠየቀንም። ወፍጮውን ሲያይ ግን ታሪኩን አስነገረንና ራሱን ነቀነቀ። «ይቺን ተዉዋት፣ ማንም አይነካት» አለ ወደ አውሮፕላኗ እየጠቆመ። «ይሄ ግን ሜዳ አያድርም።» አህያውን አምጥቶ ጫነልን። ለእኔም አሮጌ ኮንጎ ጫማ ሰጠኝ። እንዲህ ሆነን፣ ሁለት በራሪዎች አህያ እየነዳን፣ ሞጣ ከሰዓት በኋላ ገባን።

እማማ እናትነሽ ግቢያቸው ውስጥ ጌሾ ሲያሰጡ አገኘናቸው። ይሁኔን መጀመሪያ አላወቁትም። «አክስቴ፣ እኔ ነኝ» ሲላቸው እጃቸው አየር ላይ ቀረ። እኔ ጋቢውን ገለጥሁ። ወፍጮውን አዩ። ጌሾውን ትተው ወደ ቤት ገቡ። አለቀልን፣ ሊያባርሩን ነው ብዬ ነበር። ሲመለሱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቅፈዋል፤ መጁን። ዐሥራ አራት ዓመት በጨርቅ ጠቅልለው አስቀምጠውታል! ተንበርክከው ወፍጮው ላይ አደረጉት። ልክክ አለ። አንዴ ወደ ፊት ገፉት፣ አንዴ ወደ ኋላ ሳቡት፣ ከዚያ ግንባራቸውን ድንጋዩ ላይ ደፍተው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ጉንፋን ይዞኝ ነበር ብዬ ለሚስቴ ብነግራትም።

ዕንባቸውን በነጠላቸው ጠርገው ቀና አሉ። በራፉን አዩ።

«እሷስ?»

«ማን?» አለ ይሁኔ።

«የሻረግ ናታ! እህቴ የታለች?»

«እማማማ... ማርቆስ ናት። ቦታ አልነበረም፣ አክስቴ። ስድስት ዓመት የሠራኋት አውሮፕላን ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትጭነው።»

ዞረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። የወፍጮ ቤቱ ሚዛን እንኳ እንዲህ አድርጎ አልመዘነኝም።

«እኔ በድንጋይ ነው እንዴ የተቀየምኩት?» አሉ። «ዐሥራ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ደጄን ረግጣ 'እናትዬ' ትለኛለች ብዬ... እሷ ከዚህ ድንጋይ አትቀልም ነበር?»

«አንተ ስድስት ዓመት ብረት ስትቀጠቅጥ፣» አሉ ወደ ይሁኔ ዞረው፣ «ከማርቆስ ሞጣ አውቶቡስ አልነበረም?»

ይሁኔ አንገቱን ደፋ። «አለ፣ አክስቴ። ሁልጊዜ ጠዋት ይነሳል።»

እማማ እናትነሽ ተነሱ። ጉልበታቸውን አራገፉ።

«እንግዲያው እኔ ነገ ተሳፍሬ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ» አሉ። «እናንተ በፈለጋችሁት ኑ።»