«የማን?» ባዩ ሊቀ ሊቃውንት

የሰው አፍ የሚያርም ሰው የሌለበት የሕንጻ ሳውና፣ ነዋሪው በጋራ በእንፋሎት የሚታጠብበት ቤት፣ በፊንላንድ ምድር ገና አልተሠራም። ካውኮ ከሚስቱ ጋር በሚኖርበት ሕንጻ ውስጥ ማንም ሳይሾማቸው ይህን ሹመት የያዙት ጡረተኛው የቋንቋ መምህር፣ ሊቀ ሊቃውንት ኡንቶ ናቸው።

በአገሩ ቋንቋ የባለቤትነት ምልክቷ ፊደል እንደኛ «የ» ከፊት ሳትሆን የምትንጠለጠለው ከባለቤቱ ስም ጭራ ላይ ነው። የቸኮለ ሰው ይውጣታል፣ አንዳንዱም ከነባለቤቱ ይተዋታል፤ ኡንቶ ግን አያሳልፏትም። ጎረቤት «በር ተሰበረ» ሲላቸው «የማን?» ይላሉ። ሐኪሙ «ጉልበት አብጧል» ሲላቸውም «የማን?» አሉት። ቀብር ላይ ቄሱ «ነፍስ በሰላም ትረፍ» ሲሉ ከኋላ ወንበር ምን እንደተሰማ መገመት አያቅትም።

ስም እየገጣጠሙ ቃል መስፋትም ያውቁበታል። ሳውናው መጀመሪያ የሴቶች፣ ቀጥሎ የወንዶች ተራ ነውና፣ ግቢ ቆመው የሚጠብቁትን ባሎች የሚጠብሰውን ውርጭ «የሚስት-ጥበቃ-ብርድ» ብለው ሰየሙት። የካውኮ ሚስት ሂልካ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ካውኮ ከሠርጋቸው ወዲህ እንዲህ አስቋት አያውቅም፤ አንጀቱ አረረ።

እሱም ራት ላይ ሞከረ። «የዓሣ-ሾርባ-ደስታ» አላት።

«ጨው አነሰው?» አለች ሂልካ።

በማግስቱ ጠዋት «ቡና ቀዘቀዘ» ቢላት፣ ቅንድቧን ልክ እንደ ኡንቶ ሰቅላ «የማን?» አለችው። ካውኮ ቡናውን ሳይጠጣ ወጣ። ሚስቱን የተነጠቀ ያህል ተሰማው።

ዓርብ ሳውና ውስጥ ኡንቶ እንደ ልማዳቸው የውሃው ባልዲ አጠገብ ተቀምጠው መቸለሻውን ጭልፋ ይዘዋል። ካውኮ አላስቻለውም።

«መምህር፣ ከሂልካ ጋር እንዲህ የሚያሳስቃችሁ ምንድን ነው?»

«የማን ሂልካ?»

«የኔ ናታ! የኔ ሂልካ!»

«እንዲህ ስትላት ሰምታህ ታውቃለች?» አሉና ውሃውን የጋለው ድንጋይ ላይ ቸለሱት። እንፋሎቱ ለካውኮ ደረሰለት፤ ፊቱ የቀላው በምን እንደሆነ ማንም አልለየም። ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ «የኔ ሂልካ» አላት። አልሳቀችም፤ እጁን ያዘችው።

ክረምቱ በርትቶ ኡንቶ በረዶ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰበረና ሆስፒታል ተኙ። ዓርብ ሳውናው ጭር አለ፤ ሁሉም እንዳሻው ፊደል እየዋጠ ያወራል፣ የሚያርም የለም። አንድ አዲስ ተከራይ ገብቶ ባልዲው አጠገብ ዘፍ አለ።

«እዚያ አይቀመጥም» አለው ካውኮ። «ቦታ ተይዟል።»

«የማን?» አለ ሰውየው።

ካውኮ ይህ ጥያቄ እንዲህ ናፍቆት እንደነበር አላወቀም ነበር።

«የኡንቶ» አለ፣ ጭራዋን ሳይውጥ።