ኮምፒውተሩ ጾም የፈታ ዕለት

ኑ እስቲ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። የምነግራችሁ በሚያዝያ የሆነ ነው። የባሕር ዳር ሚያዝያ ለሰውም ለዕቃም አይራራም። ለዕቃም ያልሁት ለነገር ነው፤ ትደርሱበታላችሁ።

የልጅ ልጄ መቅደስ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ፋብሪካ ውስጥ ጽሕፈት ቤት ትሠራለች። ከሥራ ስትመለስ ኮምፒውተር ላይ ኳስ ትጫወታለች። ኳስ በእግር ብቻ ይመስላችኋል? እሷ በጣቷ ነው። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች በዚሁ በጣት ኳስ ውድድር አወጡ፤ ያሸነፈ ጎንደር ሄዶ ፋብሪካውን ወክሎ ይጫወታል። ለፍጻሜ የቀሩት እሷና ታምሩ የሚባል የጣና ዳር፣ የደልጊ ልጅ ባልደረባዋ ናቸው። እሱ በቤቱ፣ እሷ በእኛ ቤት ሆነው በኢንተርኔት ነው የሚገጥሙት።

ችግሩ ኮምፒውተሩ ነው። ኳሷ ጎል አጠገብ ስትደርስ ምስሉ ድርቅ ይላል። ሲመለስ ኳሷ የመቅደስ መረብ ውስጥ ናት። በልምምድ ሁለቴ እንዲህ ተሸነፈች። ታምሩ በስልክ፣ «መቅዲ፣ ኮምፒውተርሽ ውሃ የጠጣ ታንኳ ነው፤ አውጥተሽ ፀሐይ ላይ አስጪው» አላት። ልጅቷ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች። የደልጊ ሰው በታንኳ ከሰደበ የምሩን ነዋ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቅንብሩን ልታስተካክል ተቀመጠች። እኔም ዳንቴሌን ይዤ አጠገቧ። «እምዬ፣ ሳልጠራቸው ከጀርባ የተከፈቱ ፕሮግራሞች ጉልበቱን ይበሉታል» አለች። ይኼ ገባኝ። ያልተጠራ ሰው ተዝካር ላይ እንዴት እንደሚበላ እኔን ጠይቁኝ። አንድ ባንድ አስወጣቻቸው። ቀጥላ ስታይ፣ ለካ ኮምፒውተሩ ኃይል ቁጠባ ላይ ኖሯል።

«ጾም ላይ ነዋ» አልኋት። «ፋሲካ አልፎ? በይ አስፈቺው።»

አስፈታችው። ሣሩን አሳሳችው፤ ተመልካቹን አደበዘዘችው። የተጫዋቾቹን ጥላ ልታጠፋ ስትል ግን ዝም አላልሁም። «ልጄ፣ ሰውን ጥላ ቢስ ማድረግ ደግ አይደለም።» «ሥዕል ናቸው እኮ እምዬ» ብላ አጠፋችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተጀመረ። መጀመሪያ እሰይ የሚያሰኝ ሩጫ ነበር። ቆይቶ ያው ድርቅ። ታምሩ ሁለት ለባዶ እየመራ ዕረፍት ሆነ። መቅደስ፣ «ያላስተካከልሁት ምን ቀረ?» ብላ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች።

እኔ ሳጥኑን ዳሰስሁት። እንደ ወባ በሽተኛ ይጋያል። በእኛ ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ የለም፤ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮኑም ለብሰዋል። ለዚህም አቧራ እንዳይነካው ብዬ ድርብ፣ እስከ ወገቡ የሚወርድ ሠርቼለታለሁ። ጀርባው ላይ የሚተነፍስባትን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጎ ዘግቷታል። ልጅቷ እንዳታነሣው የአያቷ እጅ ሥራ፤ ይሉኝታ አለ። ወይ ደግሞ ከልጅነቷ ስለለመደችው ዓይኗ አያስተውለውም። ገፈፍሁና አጣጥፌ ተቀመጥሁበት።

ከዕረፍት መልስ ኮምፒውተሩ ፀሐይ ላይ ደርቆ እንደ ተመለሰ ታንኳ ተንሳፈፈ። ሦስት ለሁለት አሸነፈች። ታምሩ በስልኩ፣ «ምን አድርገሽው ነው?» አለ። «ቅንብር» አለች ኮርታ። እኔ ምን ልበል? እውነት መናገር ደግ ነው ይላሉ። ልጅ ስትኮራ ማየትም ደግ ነው።

ግንቦት ላይ የታምሩ ኮምፒውተር በተራው ድርቅ አለ። ትዕቢቱን ውጦ ለመናት። ቤቱ ሄዳ ያልተጠሩትን አስወጣች፣ ጾሙን አስፈታች፣ ጥላውን አጠፋች። ወይ ፍንክች። ጨነቃትና ደወለችልኝ።

«እናቱ ምን አልብሰውታል?» አልኋት።

ዞር ብላ አየችና፣ «ጋቢ» አለች። ጋቢው ሲገፈፍ በስልኩ ተሰማኝ። «እምዬ፣ የእኛው ዳንቴል የት ሄደ?»

መቅደስ ጎንደር ሄዳ በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸንፋ ተመለሰች፤ የጎንደሩ ኮምፒውተር ደኅና ስለነበር ሰበብ አጣች። ለተጫዋቾቿ ጥላቸውን መልሳላቸዋለች። የታምሩ እናት ጋቢያቸውን ራሳቸው ለበሱት። ታምሩም ስለ ታንኳ አያነሣም። ዳንቴሌን ማቀዝቀዣው ላይ ደርቤዋለሁ፤ በጀርባው በኩል እስከ ታች ወርዶ አምሮበታል። ሰሞኑን ወተታችን ቶሎ ቶሎ ይጎመዝዛል፤ ምን እንደነካው እንጃ።