ለማኅበር የረገጥሁት ቀይ ወይን

ባል የሚባል ፍጡር ሚስቱ ዓመት ሙሉ ብትመክረው አይሰማም፤ ፈረንጅ አንዲት ቃል ከተነፈሰለት ግን ወንጌል ነው! እኔን የአውራጃውን ጸሐፊ እዩኝ።

ወደ ደብረ ማርቆስ ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ነበር። አባቱ በአገራቸው፣ ቡርጎኝ በሚባል ስፍራ፣ ከጓሮ በማትሰፋ ማሳ ቀይ ወይን ይጠምቃሉ አሉ። ሊሄድ ሲል የወይን ሐረግ ቁራጭ ሰጠኝና፣ "ወይን ጌሾ አይሻም፤ በእግር ረግጦ መተው ነው" አለኝ። አጥሬ ሥር ተከልሁት፤ ውሎ አድሮ አፈራ። የጮቄ ብርድ በደንብ እንዲበስል ባይፈቅድለትም ቀላ ብሏል… ቀላ ካለ ምን ቀረው?

የሚካኤል ማኅበር ተራዬ ሲቃረብ፣ "ዘንድሮ ጠላ አይጠመቅም!" ብዬ አወጅሁ። ባለቤቴ የሺ፣ ገንዳ ውስጥ ቆሜ ስረግጥ አገኘችኝ።

"ለሚካኤል? በእግርህ?"

"ታጥቤያለሁ።"

"ጌሾስ?"

"አይሻም።"

"እንግዲህ ካፈርን አብረን ነው" ብላኝ ወጣች። ቅር ቢለኝም እውነት አላት፤ የማኅበር ጽዋ ያበላሸ ሰው ዓመት ሙሉ ስሙ በየደጀ ሰላሙ ይነሣል።

ቀኑ ደረሰ። አለቃ አድማሱ ባርከው ጠጡ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ። ግራዝማች ደስታም ጠጡ፤ ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው። ሌሎቹም እንዲሁ። ልክ ሥጋ ወደሙ እንደተቀበለ ሰው! አንባቢዬ፣ ሆዴ ባባ። ቀይ ወይን ሲያዩ ቅዳሴው ትዝ ብሏቸው ነው ብዬ ዕንባዬ መጣ። የማኅበር ጽዋ እምቢ አይባልምና ደገምሁላቸው። ልሠልስ ስል አለቃ ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ።

"ልጄ…"

"አቤት አባቴ!"

"ስለ ሚካኤል ብለህ ተወን። ጥርሳችን ጠርሷል።"

ምከረው፣ ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ማለት ይኸው ነው። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ቆሜ ሳለሁ፣ የሺ እንስራ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ለካ ጎረቤት ቤት ጠላ ጠምቃ ኖሯል! ሲቀዳ ቤቱ በጨዋታ ተናጋ። ግራዝማች ተነሥተው መረቋት። አለቃም፣ "እንዲህ ያለ ጠላ ከተወለድሁ ቀምሼ አላውቅም" አሉ።

እንግዶቹን እንደሸኘን፣ "የምስጋናው እኩሌታ የኔ ነው፤ ወይኔ ባይቀድም ጠላሽ እንዲህ ይጥም ነበር?" አልኋት።

የሺም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።