ክቡር ቅርንጫፍ እና የሰይፈኛው ታንኳ

በየቤተሰቡ፣ ሕዝብ የወደደውን ነገር ሁሉ እንደ ነውር የሚቆጥር አንድ ሰው አለ። አገር ምድሩ ለዘፋኙ ሲያጨበጭብ እሱ ከኋላ ሆኖ ከበሮ ለሚመታው ያጨበጭባል። ከተማው ለአንድ ቡድን ሲጮህ እሱ በረኛው ጋራዥ ውሎ የሚመጣበት የሦስተኛ ዲቪዚዮን ቡድን ደጋፊ ነው። የታወቀ መጽሐፍ ስታነሱበት «እሱን ተዉት፤ ሰውየው ከዚያ በፊት የጻፈውን፣ ማንም ያልገዛውን አንብባችሁታል?» ይላችኋል። እንዲህ ያለ ሰው እኛ ቤት የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ሰውየው እናንተ ሳትሆኑ አትቀሩም።

በእኛ ቤት ይህን ከፍተኛ ሹመት የያዙት የእህቴ ባል ናቸው። ግንዱን ትተው ሁልጊዜ ቅርንጫፉ ላይ ስለሚንጠለጠሉ «ክቡር ቅርንጫፍ» ብያቸዋለሁ። አማቼ ስለሆነ ግን ክብሩ እዚህ ላይ ይብቃውና አንተ ልበለው።

ቅርንጫፍ ሊፍት ጠጋኝ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኪሱ ሁሉ ብሎን። ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታ ከመስጠቱ በፊት ሊፍቱ ምን እንደሚል የሚያዳምጥ ሰው ነው። ሥራውን ይወዳል፤ ሚስቱን ይወዳል፤ ከሁለቱ ቀጥሎ ግን፣ አንዳንዴም ከሁለቱ ቀድሞ፣ የሚወደው አንድ የጌም ማሽን አለ።

«ሰይፈኛው» የሚባለውን ጌም ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ዘጠኝ ክፍል ወጥቶለታል። ሰይፈኛው ያልታተመበት የደብተር ቦርሳ፣ ካልሲ፣ የጥርስ ብሩሽ የለም። ይህን ስም ቅርንጫፍ ፊት ያነሳ ሰው ግን ወየውለት።

«ዋናውንማ ማንም ያውቀዋል» ይላል፣ እንደ ሐኪም በሐዘኔታ እያየ። «ታንኳውን ታውቀዋለህ?»

አታውቁትም። ማንም አያውቀውም። ያው ኩባንያ በአንድ ወቅት ለጌም ቤቶች ብቻ የሠራው፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን ነበር፤ «የሰይፈኛው ታንኳ»። ሰይፈኛው በዚህ ጌም አይዋጋም። ሰይፉን ሰገባው ውስጥ ከትቶ ታንኳ ላይ ይቀመጣል። ተጫዋቾቹ ቀዛፊዎቹ ናቸው፤ አንዱ ግራውን፣ አንዱ ቀኙን እውነተኛ የእንጨት መቅዘፊያ ይዘው ወንዝ ያሻግሩታል። እኩል ካልቀዘፉ ታንኳዋ ባለችበት ትዞራለች፤ ሰይፈኛውም ዘወር ብሎ አይቷቸው ራሱን ይነቀንቃል። በቃ፤ ይኸው ነው ጌሙ። ጭራቅ ሊገድል የመጣ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ሞክሮ ወደ ሌላው ማሽን ሄደ፤ ታንኳውም በዓመቱ ከየጌም ቤቱ ተለቅሞ ጠፋ። ቅርንጫፍ ግን ያኔ ወጣት ነበር፤ ልቡን እዚያው ወንዝ ላይ ጥሎት ቀረ።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ዘመድ የለንም። የአክስታችን ልጅ ስትዳር ሙሽሮቹን እንዲመክር ዕድል ሰጡት፤ ስለ ታንኳው ሃያ ደቂቃ መከራቸው። ጥርሴን ልነቀል ስሄድ አብሮኝ መጥቶ፣ እኔ አፌ ደንዝዞ በተከፈተበት፣ ሐኪሙ መንቀያውን አየር ላይ እንደያዘ ስለ ሁለተኛው ወንዝ ሲያስረዳው ነበር። አንድ ቀን ደግሞ ስድስት ሰው ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሮ ነበርና፣ እየጠገነ በበሩ ክፍተት እንዳይደነግጡ ታንኳውን ተረከላቸው። በሩ ሲከፈት አምስቱ በደረጃው ተፈተለኩ። አንድ መነጽር ያደረገ የሒሳብ ሠራተኛ ግን ቆሞ «ታዲያ ወንዙን ተሻገሩ?» አለው። ቅርንጫፍ ይህን ሰው እስከ ዛሬ በአድናቆት ያነሳዋል።

እስከዚህ ድረስ ስቄበታለሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን እኔንም የሚነካ ነው።

እኔና እህቴ ሦስት ዓመት ሆድና ጀርባ ሆነን ኖረናል። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፤ እትዬ ነው የምላት። ፋርማሲስት ናት፤ ቃሏም እንደ መድኃኒቷ ተመዝኖ ነው የሚሰጠው። እናታችን ሆስፒታል በተኛችበት ሰሞን እኔ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ስለ አንዲት ሐኪሞቿን የምታዝ በሽተኛ ጻፍኩ። ስም አልጠራሁም፤ ግን አልጋዋን፣ ነጠላ ጫማዋን፣ «ልጄ፣ መርፌው ሳይሆን እጅህ ነው የሚያመው» የምትለውን ሳይቀር አስገባሁት። አንባቢ ሳቀ። በሦስተኛው ሳምንት እናታችን ዐረፈች።

ለቅሶው ላይ እህቴ ጥግ ወስዳኝ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «የእናቴን ሕመም የሰው መሳቂያ አደረግኸው» አለችኝ። እውነቷን መሰለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አልተደዋወልንም። እኔም ስለ ሰው መጻፍ ተውኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ መንገድ ጉድጓድና ስለ ዝናብ ስጽፍ የከረምኩት፣ አንዳንዶቻችሁ በደብዳቤ እንደጠየቃችሁኝ ሐሳብ አልቆብኝ ሳይሆን ፈርቼ ነው።

ዘመድ እንደሚሆነው ሁሉ ሆነ። ግማሹ ወደ እሷ፣ ግማሹ ወደ እኔ ዞረ። ቅርንጫፍ ግን በየሐሙሱ ከሥራ ሲወጣ ቤቴ መምጣቱን አልተወም። መጀመሪያ ሊያስታርቀኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ጠበቅኩት። ሻይ ጠጣ፤ ስለ ታንኳው አወራ፤ ሄደ። በሚቀጥለው ሐሙስም እንዲሁ። ስለ ጠቡ አንድም ቀን ትንፍሽ አላለም። ብቻ በወሬው መሐል «እህትህ ጉንፋን ይዟት ስለነበር ቅዳሜ ገበያ አልወጣሁም፤ ብወጣ የዚያን ማሽን ሥዕል አገኝ ነበር» ይላል። እኔ ስለ ሥዕሉ ራሴን እየነቀነቅኩ የጉንፋኑን ወሬ እይዛለሁ። የእህቴን ደህንነት ሦስት ዓመት የሰማሁት እንዲህ፣ ከታንኳው ወሬ ላይ እየለቀምኩ ነው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ ሐሙስ እያለከለከ ገባ።

«አገኘሁት!»

«ምኑን?»

«ምኑን ይለኛል እንዴ!»

አንድ አሮጌ ሆቴል ሊፍት ሊጠግን ሄዶ፣ ምድር ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ የተቆለለበት መደርደሪያ ያያል። አንሶላውን ገለጥ ሲያደርግ ሰይፈኛው! የልብስ ማጠቢያዋ ኃላፊ «ይሄ ግዑዝ ዕቃ ቦታ ፈጀብን፤ ከወሰዱልን እንመርቅዎታለን» ብላው በዚያው ቀን በጭነት መኪና አስጫነው። በሳሎኑ በር አልገባ ስላለው በረንዳው ላይ አቆመው። አራት ወር ፈታታው። የተበጠሱትን የመቅዘፊያ ገመዶች በሊፍት ሽቦ ተካቸው።

«አሁን መሞከር አለበት» አለኝ አንድ ሐሙስ። «ሁለት ሰው ያስፈልጋል። እኔ ከኋላ ሆኜ ገመዱን አያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ና።»

«አንተ ቤት?»

«ታዲያ ማሽኑ የት ነው ያለው?»

«እህቴስ?»

«ሥራ ትገባለች። ግራውን ጎረቤቴ ይይዛል፤ ቀኙን አንተ።»

ሦስት ዓመት ያልረገጥኩት በር ላይ ቅዳሜ ቆምኩ። በሩን የከፈተልኝ ቅርንጫፍ ነው፤ ፊቱ ጠቁሯል።

«ጎረቤቴ ወገቡን አሞት ተኝቷል።»

«ምን ሆኖ?»

«ትናንት ሲቀዝፍ።» ከዚያ ወደ ቤት ዞሮ ጮኸ። «አንቺ! ነይ እስቲ፣ ሰው ጎደለን!»

ፈረቃዋ ተቀይሮ ኖሯል። እህቴ እጇን በፎጣ እያደረቀች ወጣች፤ አየችኝና ቆመች። ጠጉሯ ከግንባሯ በላይ ሸብቷል። ይህን ቅርንጫፍ አልነገረኝም ነበር።

«ደህና ነህ?» አለች።

«ደህና ነኝ፣ እትዬ። አንቺስ?»

«ይመስገን።»

የሦስት ዓመት ወሬያችን ይኸው ነበር። ቅርንጫፍ ሆዬ ምኑንም አላየም። «ግራው አንቺ፣ ቀኙ አንተ፤ ስነግራችሁ ጀምሩ» ብሎ ከማሽኑ ኋላ ገባ። እግሩ ብቻ ይታየናል።

ጀመርን። ታንኳዋ ባለችበት ዞረች። ሰይፈኛው ዘወር ብሎ አይቶን ራሱን ነቀነቀ።

«ምን አባቱ ያፈጥብኛል?» አለች እህቴ።

እንደገና ጀመርን፤ እንደገና ዞርን።

«ቸኮልክ።»

«አንቺ ነሽ የዘገየሽ።»

«ሁሌም እንዲህ ነህ። ሰው ሳታማክር ትቀድማለህ።»

ነገሩ ስለ መቅዘፊያው እንዳልሆነ ለሁለታችንም ገባን። ከኋላ ድምፅ መጣ፤ «ቁጠሩ እንጂ! ካልተቆጠረ እንዴት ይሆናል?»

እሷ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፤ አንድ፣ ሁለት። ታንኳዋ እንደ ሰካራምም ቢሆን ወደ ፊት መሄድ ጀመረች። የመጀመሪያውን ድንጋይ አለፍን። ሁለተኛውን ለጥቂት አመለጥነው። ዓይናችን የማሽኑ መስኮት ላይ ነው፤ ፊት ለፊት መተያየት የለም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አፏ የተፈታው።

«ጋዜጣውን አገኘሁት» አለች፣ መቅዘፏን ሳታቆም።

«የቱን ጋዜጣ?»

«ያንተን። እማዬ የልብስ ቁልፍ ሣጥኗ ውስጥ፣ ከቁልፎቹና ከክሩ ጋር አጥፋ አስቀምጣው ነበር። በእርሳስ ጽፋበታለች።»

እናታችን ልብስ ሰፊ ነበረች፤ እርሳስ ከጆሮዋ ላይ አይለይም። እጄ ላይ ያለው እንጨት ከበደኝ።

«ምን ብላ?»

«‹ሁለት ሐኪም አይደለም፤ ሦስት ነው የመለስኩት› ትላለች። ስለ ጫማዋ የጻፍከው ሥር አስምራ ‹ዋሸ› ብላለች።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ዳር ላይ ደግሞ ‹ነርሷን ሁለት ጊዜ አስነበብኳት፤ ልጄ ነው አልኳት› ብላለች።»

«መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ፣ እትዬ…»

«ምን ብዬ ልደውልልህ? ተሳስቻለሁ ማለት ለእኔ… ታውቀኝ የለ?»

«አውቅሻለሁ» አልኩ። «እኔስ ቢሆን መቼ ደወልኩ።»

ሁለታችንም መቅዘፍ አቁመን ነበር። ታንኳዋ ከድንጋይ ጋር ተላትማ ተገለበጠች፤ ሰይፈኛው ውሃ ውስጥ ገባ። ቅርንጫፍ ጭንቅላቱን ከማሽኑ ኋላ ብቅ አደረገ።

«ምን ሆናችሁ? ደህና እየሄዳችሁ አልነበረም እንዴ!» ከዚያ ፊታችንን አየ። እህቴ በፎጣዋ፣ እኔ በእጅጌዬ ዓይናችንን እንጠርጋለን። ደነገጠ። የሁለታችንንም ትከሻ ተራ በተራ መታ መታ አደረገና ከአንጀቱ አዝኖ እንዲህ አለ፦ «ኧረ ለዚህ አይለቀስም! ይሄ ወንዝ ማንንም ይጥላል። እንደገና ይጀመራል እኮ።»

ወሬው በዘመዱ ሁሉ ተሰማ። አክስታችን ደውላ «እንዲህ ያለ ብልሃተኛ አማች! በጌም አሳብቦ አስታረቃቸው» አለች። ሌላውም ተቀበላት። ጥበቡ ያልተደነቀበት ስልክ አልነበረም። እኔም ሳላጣራ ማመን አልፈለግኩምና ጠየቅኩት።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ጎረቤትህ በርግጥ ወገቡን አሞት ነበር?»

«አሞት ነበር እንጂ! አታምነኝም?»

ሄጄ አንኳኳሁ። ጎረቤትየው ወገቡን ይዞ፣ ግማሽ ጎንበስ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ገና «ታንኳ» ስል «በፈጣሪ ይዤሃለሁ፣ ስሙን እንዳታነሳብኝ፤ ገና አልዳንኩም» አለኝ። ስለዚህ ብልሃት የሚባል ነገር አልነበረም። ክቡር ቅርንጫፍ ሊያስታርቁን አላሰቡም፤ ማሽን ሊሞክሩ ነበር።

መጀመሪያ ትንሽ ቅር አለኝ። ኋላ ግን ሐሙሶቹን አሰብኳቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሐሙስ ስንት ነው? ቤተሰቡ ሁሉ ወገን ሲመርጥ እሱ ለመምረጥ እንኳ ትዝ አላለውም። ከቤቷ ወጥቶ ቤቴ ይመጣል፣ ከቤቴ ወጥቶ ቤቷ ይገባል። ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አላመሰገነውም። እኔማ በየሐሙሱ «መጣ ደግሞ» እያልኩ ነበር በሩን የምከፍትለት።

ይህ ጽሑፍ ከሦስት ዓመት ወዲህ ስለ ሰው የጻፍኩት የመጀመሪያው ነው። እህቴን አስፈቅጃለሁ። እሱን ሳስፈቅደው «ስለ እኔ የፈለግከውን በል፤ ብቻ የመቅዘፊያው ገመድ የብረት መሆኑን እንዳትረሳ» አለኝ። ገመዱ የብረት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ፣ እኔና እህቴ ሦስተኛው ወንዝ ላይ ከሰጠምን በኋላ፣ በረንዳው ላይ ከቅርንጫፍ ጋር ብቻችንን ስንቀር ላመሰግነው ተነሳሁ። «ስማኝማ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እየመጣህ…» ብዬ ስጀምር እሱ ብሎን እያጠበቀ «እእ?» አለ፤ ዓይኑ እዚያው ብሎኑ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ነው የሚመሰገነው?

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት በመጨረሻ። «ይሄ ሰይፈኛ ከወንዙ ማዶ ምን ሊያደርግ ነው የሚሻገረው?»

ብሎኑን አስቀመጠ። ባወቅኩት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስለ ታንኳው ከዘመድ ማንም ጥያቄ ጠይቆት አያውቅም። ፊቱ እንደ ልጅ ፊት በራ። ወንበር ሳበልኝ፤ ለራሱም ሳበ።

እህቴ ከወጥ ቤት አንገቷን አወጣች። «ምን አልከው? ኧረ ምን ነካህ፣ አሁን እኮ እስከ ምሳ አያቆምም!»

ሰዓቴን አየሁ። ለምሳ ሁለት ሰዓት ይቀራል። እሱ የመጀመሪያውን መልስ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቅኩት።