«የለም» ማለት የማይሆንለት ፐርል

«የለም» ማለት የሚከብደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጭሮ ላይ የገጠመኝስ ሰው እንኳ አይደለም፤ ፐርል የሚሉት የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በሌለ ቤት ውስጥ ወንበር መኖሩን ጠይቁት። ወንበሩ የለም ይላችኋል፤ ቤቱ ራሱ የለም ማለት ግን ስለሚከብደው፣ እናንተን ላለማሳፈር ሲል በመዝገቡ ውስጥ ዝም ብሎ ይሠራዋል።

ለጫት ነጋዴው ጎረቤቴ ለሐጂ አደም የእህታቸው ልጅ ኻሊድ በዚሁ ቋንቋ በየመጋዘኑ ያለውን ጫት የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠርቶላቸው ነበር። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ደውሎ «ሚኤሶ መጋዘናችሁ ውስጥ ጫት አለ?» አለ። ሐጂ ሚኤሶ ላይ መጋዘን ኖሯቸው አያውቅም፤ ኻሊድ ግን ኮምፒውተሩን ጠየቀ፤ ጫት የለም አለው። በማግስቱ ኮምፒውተሩ ላይ ከሐጂ መጋዘኖች ዝርዝር መካከል «ሚኤሶ፦ ባዶ» የሚል ብቅ አይልም መሰላችሁ! ሐጂ ወንድማቸው የከፈተው መስሏቸው፣ «አቦ፣ ባዶማ አይውልም!» ብለው አንድ መኪና ሙሉ ጫት ላኩ።

ሾፌሩ ደወለ። «ሐጂ፣ መጋዘኑ የቱ ጋ ነው? እኔ እዚህ ግመል እንጂ መጋዘን አላየሁም።»

ጫቱ በቆላው ሙቀት ጠውልጎ ቀረ። ኻሊድ እየፈራ የፐርልን ዐመል ሲያስረዳቸው፣ ይቆጣሉ ስንል ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ፈገግ አሉ።

«እስቲ ልጄ፣ ቦኬ ያለችው ሁለተኛ ሚስቴ ቤት ስኳር መኖሩን ጠይቅልኝ።»

ሐጂ ሁለተኛ ሚስት የላቸውም። ብቸኛዋ ሚስታቸው ሐጃ ፋጡማ ግን ከኋላችን ብድግ ብለው «ወላሂ፣ ጠይቅና አይሃለሁ!» አሉት ኻሊድን፤ የኮምፒውተሩንም ሶኬት ነቀሉት።